የግራዝማች ፈረስ ጭራ

ዕጣን ሳይጨስ የሚሸተው ሽታ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የጨሰውን ነው። እኔ የምለው ደረቁን ነው፤ በጨርቅ ተቋጥሮ የሚቀመጠውን፣ መሰንቆ መቺዎች የደጋናቸውን ጭራ የሚያሹበትን። ባለፈው ሳምንት ሞጣ ሄጄ የወንድሜን የቆርቆሮ ሣጥን ስከፍት መጀመሪያ ያገኘኝ ይኸ ሽታ ነው። ሆዴ ባባ ብል ለመጻፍ ይቀለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አይደለም። ፍርሃት ነው።

ወንድሜ ይስማው ሞጣ አስተማሪ ነበር። በጥቅምት ታመመ፤ በሳምንቱ ሞተ። አስከሬኑን ወደ ቢቸና አምጥተን ቀበርነው። ዕቃው ግን እዚያው ቀርቶ ስለነበር ከአርባው በፊት እንዳመጣ እኔ ተላክሁ። አከራዩ ሐጂ ሰይድ ቁልፉን ሰጥተውኝ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ለመግባትም ለመሄድም የከበዳቸው ይመስሉ ነበር።

«አላህ ያጽናችሁ» አሉኝ። «ወንድምህ ረመዳን ሲገባ መሰንቆውን ይሰቅለው ነበር። ‹ይስማው፣ እኛ መቼ ከለከልንህ?› ብለው፣ ‹ሐጂ፣ በጾም መምታት አንድ ጊዜ ይበቃኛል› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ነግሮኝ አያውቅም።»

እኔ አውቀዋለሁ። ለሐጂ ግን አልነገርኋቸውም። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ይሆናል፤ ዘጠኝም ሊሆን ይችላል። ይስማው ስምንተኛ ክፍል ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ከቢቸና ከተማ ዳር ባለች ቤት ሦስት ወንዶች ሆነን ነበር የምንኖር። አባታችን መሪጌታ ነበሩ። ይስማው ከእሳቸውም ይረዝም ነበር፤ በበራችን ሲገባ አንገቱን ይደፋ ነበር። እኔ ደግሞ ለዕድሜዬም አጭር ነበርሁ።

የማስታውሰው ዐቢይ ጾም መግባቱን ነው። በጾም ከበሮ አይመታም፤ ጸናጽልም አይነካም። ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ ያዜማሉ። ከበሮው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ይቀመጥ ነበር። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። የሞተ ይመስለኝ ነበር፤ ተገንዞ የተቀመጠ። በአጠገቡ ሳልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

አባታችን ብርዕ እየቀረጹ ስለ ዜማ ያወሩልን ነበር። ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ። የሚያዜመውም አልታወቀው፣ የሚሰማውም አልታወቀው።

«ዜማ ማለት ይኸ ነው» አሉ አባታችን። «ሥጋህን የምትረሳበት።»

እኔ የገባኝ ሌላ ነበር። ዜማ የሚማር ሰው እግሩን የሚወጋው መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ይስማው ከትምህርት ቤት መልስ ወዴት እንደሚጠፋ ያወቅሁ ቀን መጀመሪያ ያየሁት እግሩን ነው።

የሚጠፋው አያ ፈንቴ ዘንድ ነበር። አያ ፈንቴ የሞጣ አዝማሪ ናቸው። በጾም ሠርግ የለም፤ ጠጅ ቤቱም ይቀዘቅዛል፤ አዝማሪ ሥራ ይፈታል። ሳል ይዟቸው ስለነበር ወደ አገራቸው መመለስ አልቻሉም፤ ከአንድ ጠጅ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል እስከ ፋሲካ ተቀምጠው ነበር። ተከትዬው ሄጄ በአጥር ቀዳዳ አየሁት። ወንድሜ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መሰንቆ በጉልበቱና በደረቱ መካከል ይዟል። ከውስጡ የሚወጣው ድምፅ እናቷ የጠፋችባት ጥጃ ይመስላል።

«የመሪጌታ ልጅ በአዝማሪ ቤት!» ይላሉ አያ ፈንቴ እየሳሉ። «አባትህ ቢደርስ መቋሚያው አንተ ላይ አያርፍም፤ እኔ ላይ ነው።»

«አያ፣ እኔ አዝማሪ መሆን አልፈልግም። መማር ብቻ ነው።»

«መዋኘት እንጂ መራስ አልፈልግም በለኛ!»

ይስማው ሳቀ። ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ የኔን ዓይን አየ። አልተቆጣም። «ግባ» አለኝ፤ «ከተናገርህ ግን አባባ ያባርሩኛል። ገባህ?» ገባኝ። ያን ዕለት ፍርሃቱን ተካፈልሁ።

መሰንቆን ለምን እንደወደደው አሁንም በደንብ መግለጥ አልችልም። አንድ ጭራ ብቻ ነው ያለው። ምልክት የለበትም፣ ይኸን ንካ የሚልህ ነገር የለም፤ ጣትህ ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ይስማው ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ሲያስጓራው ከርሞ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ድምፅ ንጹሕ ሆና ወጣች። አንዲት ብቻ። አያ ፈንቴ ሳላቸውን አቆሙ። ወንድሜ ደጋኑን አንሥቶ ጣቱን አየው፤ የሌላ ሰው ጣት ይመስል። ፊቱን እንደዚያ አይቼው አላውቅም ነበር።

በየመካከሉ አያ ፈንቴ ያወሩልናል።

«መሰንቆ የተጀመረው በሠርግ መሰላችሁ? በለቅሶ ነው። እመቤታችን ባረፈች ጊዜ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ዕዝራ ምን አደረገ? መሰንቆውን አነሣ። ሠርግ ኋላ የመጣ ነው፤ ጠጅም ኋላ የመጣ ነው።»

ሌላ ቀን ደግሞ ስለ መምህራቸው ነገሩን። ጣልያን በገባ ጊዜ በግጥም ስለ ሰደቡት ረሽኗቸው ነበር። መሰንቋቸው እሳት ውስጥ ሲጣል አያ ፈንቴ በእጃቸው አወጡት። ጠባሳውን አሳዩን። ዕዝራን ወዲያው ረሳሁት፤ ጠባሳውን ግን አልረሳሁም። መሰንቆ የያዘ ሰው ይገደላል ማለት ነው ብዬ አሰብሁ።

አባታችንን መጠየቄ ግን አልቀረም።

«አባባ፣ ዕዝራ መሰንቆ መትቷል እንዴ?»

ብርዓቸው ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«የትምህርት ቤት ልጅ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ይባላል» አሉ። «የሚባል ሁሉ አይጻፍም።» ተመልሰው ወደ ብራናቸው አቀረቀሩ። እኔ ግን እስከ ማግስቱ ከፊታቸው ሸሸሁ።

ይስማው የራሱን መሰንቆ መሥራት ጀመረ። እንጨቱን ጠረበ፤ የፍየል ቆዳ ወጠረበት፤ ደጋኑን አጎበጠ። የቀረው ጭራ ነበር።

«የሆነ ያልሆነ ጭራ አታምጣ» አሉት አያ ፈንቴ። «የወንድ ፈረስ ይሁን፤ ጀግና የተቀመጠበት ይሁን። የማን ፈረስ እንደሆነ መሰንቆው ራሱ ይናገራል።»

ይኸን ቃል ልብ በሉልኝ፤ እኔ እንዳለ ነው ያመንሁት።

ለወንድሜ ጭራ ለማምጣት ቢቸና ከብት ተራ ሁለት ጊዜ ሄድሁ። አንዱ ነጋዴ በአለንጋ እግሬን ገረፈኝ። ሁለተኛው ጊዜ ፈረሱ ራሱ ሊረግጠኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ግራዝማች ታምሩ ሞቱ።

ግራዝማች ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ከጎረቤታቸው ከአያ ቢተው ጋር በርስት ሲካሰሱ ኖረው፣ በዚያም ምክንያት ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቶ፣ በሽማግሌ ታርቀዋል። ቦራ የሚሉት ፈረስ ነበራቸው፤ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። አባታችን ለፍትሐት ሲጠሩ መጽሐፋቸውን ተሸክሜ ተከተልሁ።

ቀኑ ሞቃት ነበር። ሕዝቡ ሁሉ አስከሬኑን ተከትሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔ የአባታችንን አኮፋዳ እንድጠብቅ ተብዬ ግቢው ውስጥ ቀረሁ። ቦራ ከብሳናው ዛፍ ሥር ታስሮ ነበር። አኮፋዳው ውስጥ አባታችን ብርዕ የሚቀርጹበት ካራ አለ።

ሌባ አልነበርሁም። እንዲህ ነው ያሰብሁት፦ ጌታው ሞተ፤ እንግዲህ ፈረሱ የማንም አይደለም። ጀግናም ተቀምጦበታል። ተጠግቼ ጭራውን ያዝሁ። ቦራ አልተራገጠም፤ ዞሮ አየኝና ገብሱን መብላት ቀጠለ። እጄ እስከ ደረሰበት ድረስ ከመሃሉ ቆረጥሁ። ካራው ስል ነበርና ካሰብሁት በላይ ብዙ ወጣ። ቀና ስል ብሳናው ላይ አንዲት ቁራ ተቀምጣ ታየኛለች። ጭራውን ደረቴ ውስጥ ከትቼ፣ ለቅሶኞቹ እስኪመለሱ አኮፋዳውን አቅፌ ቁጭ አልሁ።

ይስማው ሲያየው ዓይኑ በራ። «ከየት አገኘኸው?»

«ከገበያ። የሞጣ ነጋዴዎች ሰጡኝ።»

አያ ፈንቴ በጣታቸው ዳሰሱት። «ግሩም ጭራ ነው። ግን የትኛው ጅል ነው እንዲህ ከመሃል የቆረጠው? ጭራ ከሥሩ ነው የሚነቀል!» ቢሆንም አሳጥረው ወጠሩለት። ዕጣኑን ፈጭተው አሹበት። ክፍሏ በዚያ ሽታ ተሞላች። ይስማው ራሴን ደባበሰኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው፤ ያንን አልደብቅም።

በሦስተኛው ቀን ሰልስት ነበር። ሜዳው በሰው ተሞላ። የግራዝማች ጠመንጃና ካባ ወጣ፤ አልቃሾቹ ሙሾ አወረዱ። ከዚያ ቦራ በኮርቻው ተጭኖ፣ ጌታው ሳይኖርበት ወደ ሰልፉ መካከል ተሳበ። ሴቶቹ ጮኹ። ባለቤታቸው እሜት የሺ ደረታቸውን እየመቱ ፈረሱን ዞሩት። አንድ ጊዜ ዞሩ። ሁለተኛው ላይ ከኋላው ሲደርሱ ቆሙ።

ሙሾው ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ፤ ዝናም እንደሚያባራ።

በእኛ አገር የሟች ፈረስ ጭራ መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አጠገቤ የቆመች ሴት በሹክሹክታ ለሌላዋ ስትነግር ሰማሁ፦ «ዘሩ ይቆረጥ ብሎ ነው። ጠላት ነው።» የግራዝማች ትልቁ ልጅ ፋንታሁን የአባቱን ጠመንጃ ከአልቃሹ እጅ ነጠቀ።

«አያ ቢተው!» ብሎ ጮኸ። «በአባቴ ሬሳ ላይ ታረቅኸን?»

አያ ቢተው ሊያለቅሱ መጥተው እዚያው ሜዳው ላይ ነበሩ። ነጠላቸውን አደግድገው ባዶ እጃቸውን ዘረጉ። «ፋንታሁን ልጄ፣ በሥላሴ ስም፣ ይኸን እጄ አላደረገውም።» የእሳቸውም ልጆች ወደ ዱላቸው ሄዱ። ሽማግሌዎች በመካከል ገቡ፤ አባታችን መስቀል ይዘው ገቡ። በመጨረሻ ጭቃ ሹሙ እንዲህ አሉ፦ «ቅዳሜ አውጫጭኝ ይሆናል። እስከዚያ ጥይት የተኮሰ የአገር ጠላት ነው። ያደረገውን ወፍ ታወጣዋለች።»

ወፍ።

አውጫጭኝ ምን እንደሆነ ኋላ ገብቶኛል። አጥፊ ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪወጣም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በምሥጢር የሚናገሩ ሰዎች ይመረጣሉ፤ እነሱ ናቸው «ወፍ» የሚባሉት። እኔ ግን ያሰብኋት ብሳናው ላይ የነበረችውን ቁራ ነው። በማግስቱ ከቤታችን ጀርባ ባሉት ቁራዎች ላይ ድንጋይ ስወረውር ዋልሁ። የትኛዋ እንደሆነች መለየት ስላልቻልሁ ሁሉንም አባረርሁ። እየተመለሱ ጣሪያችን ላይ ይሰፍራሉ። እህል አልወርድ አለኝ። ጾም ስለሆነ ማንም ልብ አላለም።

ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ይስማው ከወንዙ ዳር አገኘኝ። ኪሴ በድንጋይ ተሞልቷል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ጋሼ፣ ቁራ አማርኛ ይችላል?»

ሊስቅ ነበር። ፊቴን ሲያይ ተወው። «ከመሃል የተቆረጠ» አለ፣ ለራሱ። ቁጭ አለ። ሁሉንም ነገርሁት። ሲነቃብን በካራ ያርዱናል፣ አባባን ይገድሏቸዋል፣ ቁራዋ አይታኛለች፣ መሰንቆውም ይናገራል እያልሁ አለቀስሁ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመታኝም።

«እኔ ልንገራቸው?» አልሁት። «ሕፃን ነው ብለው ይተውኛል።»

«አይተዉህም። ሕፃን ቆረጠው ብንል ‹ማን ላከው?› ይላሉ። አያ ቢተው ልኮት ነው ይላሉ። አንተ አይደለም ብትል ማን ያምንሃል? ፋንታሁን ከመሐላው በፊት ይተኩሳል።» ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ከኪሴ እያወጣ ወደ ወንዙ ወረወራቸው። «ለማንም አትናገር። እኔ እስክነግርህ ድረስ።»

ነግሮኝ አያውቅም። እስኪሞት ድረስ «አሁን ተናገር» አላለኝም።

ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። የግራዝማች ወገን በአንድ በኩል፣ የአያ ቢተው በሌላ በኩል፣ ሽማግሌዎች በመካከል። ቦራም መጥቶ ነበር፤ ለማስረጃ ይመስለኛል። እኔ ከአባታችን ጋቢ ሥር ገብቼ እንቀጠቀጥ ነበር። ይስማው ከእኛ ጋር አልነበረም። አባታችን ሁለት ጊዜ ዞረው ፈለጉት። ጭቃ ሹሙ ተነሥተው ወፎቹን ሊሰይሙ ሲሉ ሰው ሁሉ ወደ መንገዱ ዞረ።

ወንድሜ ይመጣ ነበር። በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሟል፤ ሰፊ ድንጋይ፣ ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው። ከክብደቱ የተነሣ ያ ረጅም ሰውነቱ ጎብጧል። በአንድ እጁ ድንጋዩን ደግፏል፤ በሌላው መሰንቆውን ይዟል።

በእሜት የሺ ፊት ተንበረከከ። «ወፍ አትድከም» አለ። «ቆራጩ እኔ ነኝ። አያ ቢተው የለበትም። ለመሰንቆ ብዬ ነው። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። «የመሪጌታ ልጅ! አዝማሪ!» የሚል ሰማሁ። የአባታችን ጉልበት ከጎኔ ሲደነድን ተሰማኝ። ዘወር ብለው አላዩኝም። ወደ መሬት ነበር የሚያዩት።

ፋንታሁን ጠመንጃውን አልጣለም። «በአባቴ ቀብር ቀን? ለጭፈራ?» አለ። «እውነቱን ይሁን ውሸቱን በምን እናውቃለን? እሱም ተልኮ ይሆናል።»

እሜት የሺ እጃቸውን አነሡ። ወንድሜን አዩት፤ ከራሱ እስከ እግሩ። ከዚያ ፈረሱን አዩ። ከዚያ ደግሞ፣ ያን ጊዜ የመሰለኝ እንደሆነ እንጃ፣ ወደኛ ጋቢ አዩ።

«ምታው እስቲ» አሉት።

«እሜቴ?»

«የጌታዬ ፈረስ ጭራ ነው አልህ። ምታውና ልስማው።»

ሜዳው ተንጫጫ። «በዐቢይ ጾም መሰንቆ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ነውር ነው! መሪጌታ፣ አንድ ነገር ይበሉን እንጂ!» ሰው ሁሉ ወደ አባታችን ዞረ። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። አባታችን ቀስ ብለው ተነሡ፤ ጋቢው ከላዬ ተገፈፈ፤ ፀሐዩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። አንድ ጊዜ ወንድሜን፣ አንድ ጊዜ መሰንቆውን አዩ። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃቸው ነበር። «አይፈቀድም» ቢሉ ነገሩ ወደ ጠመንጃው ይመለስ ነበር።

«ለሠርግ ቢሆን ነውር ነው» አሉ በደረቅ ድምፅ። «ይኸ ለቅሶ ነው። ዕዝራም መሰንቆ የመታ በለቅሶ ነው… ይባላል።»

ይባላል ያሉትን የሰማነው እኔና ይስማው ብቻ ይመስለኛል። የቀረው ሰው ግን ነውር ማለቱን ተወ።

ወንድሜ ድንጋዩን አውርዶ ተቀመጠ። ደጋኑን አነሣ። እኔ ሁለት ጆሮዎቼን ደፈንሁ፤ መሰንቆው አሁን ይናገራልና፣ የቆረጠኝ ይስማው አይደለም፣ ያ ትንሹ ነው ይላልና። ግን መድፈኑም አስፈራኝ። ጣቴን ትንሽ አላላሁ።

አራት ድምፅ ነበር የሚያውቀው። እነዚያኑ መታቸው። ሁለቱ ተበላሹ። እንደገና መታቸው። ዜማ ሊባል አይችልም፤ አንድ ነገር ለመናገር እየሞከረ የሚያቅተው ሰው ይመስላል። ስሜን አልጠራም። ቦራ ጆሮውን እንኳ አላቆመም፤ ሣር ይግጥ ነበር። እሜት የሺ ግን ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ፤ እንደ ሰልስቱ በጩኸት አይደለም፤ ያለ ድምፅ። ፋንታሁን እናቱን አየ። ጠመንጃው አፈ ሙዙ ወደ መሬት ዞረ።

«ይበቃል» አሉ እሜት የሺ። «ግራዝማች ይኸን ቢሰሙ ከሞት ተነሥተው ይገርፉህ ነበር።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ ሳቀ። አያ ቢተው ተነሥተው መጥተው በፋንታሁን እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ፋንታሁን ክንዳቸውን ያዘ።

ሽማግሌዎች ካሣ ሊቈርጡ ሲነጋገሩ እሜት የሺ ራሳቸው ፈረዱ። «ለሙት ዓመቱ መጥተህ ትመታልኛለህ። በደንብ። እስከዚያ ተማር። መሪጌታ፣ እርስዎም አይከልክሉት፤ የፈረሴ ጭራ በከንቱ አይቅር።»

አባታችን ጋቢያቸውን ተከናንበው መንገድ ጀመሩ። ወደ ቤት ስንሄድ ግን ወንድሜ ከኋላ ነበር፤ አባታችን በራችን ላይ ቆመው ጠበቁት። ሲደርስ አንገቱ ላይ ድንጋዩ የላጠውን አዩ። «ቅቤ አድርግበት» አሉት። ከፋሲካ በኋላ አያ ፈንቴ ወደ ሞጣ ሲመለሱ ይስማው ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ጠብቆ ተከተላቸው። ያ ጾም በዚህ አለቀ።

ከሞጣ ስመለስ ሣጥኑን በአውቶቡስ ጭኜ ቢቸና ወረድሁ። ሣጥኑን ቤት አድርሼ ሳላርፍ ወጣሁ። መንገድ ዳር ድንጋይ መረጥሁ። የወንድሜን ያህል ትልቅ አልነበረም፤ እኔ እንደሱ አይደለሁም። በአንገቴ ተሸክሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ ወደ ግራዝማች ቤት ወጣሁ። እሜት የሺ አርጅተዋል። ከደጃቸው ቁጭ ብለው ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

«የመሪጌታ ልጅ አይደለህም? ምንድን ነው የተሸከምኸው?»

«እሜቴ፣ የፈረሱን ጭራ የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ይስማው አይደለም።»

እንዝርቱ አልቆመም። «አውቃለሁ» አሉኝ።

ድንጋዩን እንደ ተሸከምሁ አንድ እርምጃ ቀረብሁ።

«ወንድምህ በበር የማይገባ ረጅም ነበር። መሰንቆም ጀምሮ ነበር፤ መሰንቆ የሚያውቅ ጭራ ከሥሩ ነቅሎ ይወስዳል። የቦራ ጭራ የተቆረጠው እዚህ ጋ ነበር።» ተቀምጠው ሳሉ እጃቸውን በትከሻቸው ትክክል አደረጉ። «እጁ ከዚህ የማያልፍ ሰው ነው የቆረጠው። አንተ ደግሞ የአባትህን ጋቢ ታንቀጠቅጠው ነበር።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«ልጄ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ወንድምህ ድንጋይ ይዞ መጣ። የትኛውን ልመን?» ክሩን በጥሰው አዩኝ። «በል አውርደው። ተቀመጥበት።»

ድንጋዩን አውርጄ ተቀመጥሁበት። ብሳናው አሁንም አለ። እሳቸው ሌላ ጥጥ አንሥተው መፍተል ጀመሩ።

«መሰንቆው የት ደረሰ?»

«ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ እቤት።»

«ለአርባው ይዘኸው ና። ታሰማኛለህ።»

«እሜቴ፣ መምታት አልችልም።»

«እሱስ ያን ቀን መቼ ይችል ነበር?»

አርባው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ሁለቱን ድምፅ አግኝቻለሁ፤ ሦስተኛው እየመጣ ይሄዳል። ይኸን ስጽፍ ጣቶቼ ዕጣን ዕጣን ይሸታሉ።